የምክትሉ ሚዛንና የድንቡሼ ጉርድ

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሥልጠና ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመልሰው አያውቁም። አንድ ጊዜ «ቆሞ የሚማር ተማሪ አያንቀላፋም» የሚል ዕውቀት ይዘው መጡና ወንበሩ ሁሉ ከክፍል ወጣ፤ የልጆቹ እግር ሲያብጥ ወንበሩ ተመለሰ። ሌላ ጊዜ «አረንጓዴ ቀለም ጭንቅላት ይከፍታል» ብለው መጡና ግድግዳው በሙሉ ተቀባ፤ እስካሁን የተከፈተ ነገር ቢኖር የቀለሙ ቆርቆሮ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ሚዛን ይዘው መጡ።

ሚዛን ስል የሥጋ ቤቱን እንዳታስቡ። ሰው የሚቆምበት፣ ቁጥሩ በቀይ መብራት የሚበራ፣ ከሩቅ የሚነበብ ነው። ከሩቅ እንዲነበብ የተደረገው ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ምናልባት ሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆሙት ልጆች የሰው ገበና እንዳያመልጣቸው ይሆናል።

ምክትሉ እንደሚሉት፣ በወጣት ተማሪዎች ላይ የተጠና ጥናት አለ፤ ሰውነቱ የከበደ ልጅ አእምሮው ይዘገያል። ጥናቱን ያጠኑት ሰዎች በትክክል ምን እንዳሉ እኔ አላውቅም። ምክትሉም የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ነገሩ የተነገራቸው ከምሳ በኋላ በነበረው ክፍለ ጊዜ ነው፣ የሥልጠናው ምሳ ደግሞ እንደ ጉድ ነበር ብለው ራሳቸው አውርተዋል።

ይህን ሁሉ የማውራው በልጄ ልጅ የተነሳ ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ድንቡሽ ያለች ስለሆነች ከሕፃንነቷ ጀምሮ ድንቡሼ እንላታለን፤ እሷም ስሟ ነው ብላ ተቀብላ ኖራለች። ሒሳብ ላይ ግን ወዮ! እኔ ገበያ ሄጄ ስመለስ የመልሱን ገንዘብ ሒሳብ ገና ሳልጀምር እሷ ጨርሳለች። የሒሳብ አስተማሪዋ መርጣት፣ የከተማው ትምህርት ቤቶች ሁሉ በሚገናኙበት የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ትምህርት ቤቷን ልትወክል ነው። ዓመቱን ሙሉ ከአፏ የማይጠፋው እሱ ነው። ሌላ ልጅ ፍቅር ሲይዘው የእኛዋ ውድድር ያዛት።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች።

«እማማ፣ ሰው ሲወፍር ጭንቅላቱም ይወፍራል?»

«የማን ጭንቅላት?»

«የኔ።»

መርፌው እጄ ላይ ቀረ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር ነው፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዩኒፎርም የሚሰፋው እዚያ ነው። አስቀመጥኳትና አስወራኋት። ለካስ የውድድሩን ልጆች ሰልፍ ፊት እያወጡ መዝነዋቸዋል። የእሷ ተራ ሲደርስ ምክትሉ ቁጥሩን በድምፅ ማጉያ አነበቡት። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ከሰማው በኋላ ደግሞ እናንተ ምን ያደርግላችኋል?

«ከዚያስ?»

«ከውድድሩ በፊት ወላጅ ፊት የምንጠየቅበት ሙከራ አለ፤ እስከዚያ ቀን ካልቀነስኩ በተጠባባቂዋ እተካለሁ። ጭንቅላቴ እንዳይጎተት።»

«የሱን ጭንቅላት ማን እየጎተተለት ነው? እኔን! እኔን ድፍት ያድርገኝ!»

«እማማ ደግሞ። ሳይንስ ነው እኮ።»

እናቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት። ቀኑን ሙሉ ለሰው ፈገግ ስትል ውላ ቤት ስትገባ ፊቷን እንደ ጫማዋ በር ላይ አውልቃ ነው የምትገባው። ነገርኳት።

«እማዬ፣ አንቺ ደግሞ ነገር አታካብጂ። ትንሽ ብትቀንስ ምን ትሆናለች?»

«ምን ትሆናለች? ትጎዳለቻ!»

«ከድንች ጥብስ ብትቀንስ ማንም አልተጎዳም። በዚያ ላይ እንቢ ብንል ከውድድሩ ያስወጧታል፤ ያን ጊዜ ስታለቅስ አንቺ ታባብያታለሽ።»

እኔማ ማባበያውን አውቃለሁ። የእኔ ማባበያ ደግሞ በምላስ አይደለም፣ በመርፌ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድንቡሼ ትንሽ ልጅ ሳለች አንድ ጠዋት የጉርዷ ቁልፍ አልገጥም ብሎ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪደርቅ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ጉርዷን ስሰፋ ጎንና ጎኑ ላይ ወፍራም ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፌ እተዋለሁ። ሞላ ስትልብኝ፣ እሷ ገላዋን ስትታጠብ፣ ስፌቱን ተርትሬ ትንሽ እለቅለትና መልሼ እሰፋዋለሁ። ተኩሼ ቦታው ላይ ሳንጠለጥለው ማንም አይለየውም። ልጅቷ ጉርድ አጥብቋት አያውቅም። እንደ ሌላው ሰው እሷም ጨርቅ ከሰው ጋር የሚያድግ ነገር ይመስላታል።

ያን ሰሞንም ያው ልማዴን አደረግሁ። በሚዛን አዋርደዋት ደግሞ ጉርዷ ጠበብ ቢላት ልቧ ይሰበራል ብዬ፣ ከወትሮው አብልጬ ለቀቅሁላት። ከሳምንት በኋላም ደገምኩ። እጄ መቼ ያርፋል!

ልጅቷ እየፈነደቀች መጣች።

«እማማ! ጉርዴ ሰፋኝ! እይው፣ እጄ ይገባል!»

«እሰይ!» አልኩ። ምን ልበል?

«ሠራ ማለት ነው! እየቀነስኩ ነው!»

«ምኑ ነው የሠራው?»

«ምንም፣ ትንሽ... እየተጠነቀቅሁ ነው።»

ተጠነቀቀች ሲባል ደግሞ እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ምክንያቱም የምሳ ዕቃዋ በየቀኑ ተጠርጎ ባዶውን ይመለሳል። ሩዝ ብልክ የለም፣ እንቁላል ብልክ የለም። «በይ እንግዲህ፣ ልጄ እየበላች ጉርዷም እየሰፋት ነው፣ እንዲህ ያለ ቅነሳ ለሁላችንም ይስጠን» እያልኩ ምሳውን ሞላ አድርጌ እቋጥራለሁ።

ግን ልጅቷ ራሷን መምሰል ተወች። ሻይዋ ውስጥ ጨው ጨመረች። ካልሲዋን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣ ቤቱን ገለበጠችው። የዳቦ ሒሳብ ስጠይቃት ዝም ብላ ግድግዳውን ታያለች፤ ግድግዳውም መልሱን ስለማያውቅ ሁለቱም ይፈዛሉ። ከንፈሯ ነጣ። ስነካት እጇ ይቀዘቅዛል። ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ትቀመጥና የጫማዋን ማሰሪያ የምታስር ትመስላለች፤ ጫማዋ ደግሞ ማሰሪያ የለውም።

«ዕድሜው ነው» አለች እናቷ። «እኔም እንዲህ ነበርኩ።»

«አንቺ እንዲህ አልነበርሽም። አንቺ ካልሲሽን አልጋ ሥር ነበር የምትጥይው፤ እሱ ጤና ነው።»

ነገሩ የፈነዳው በራሴ የስፌት መኪና ላይ ነው። የተጠባባቂዋ እናት ጉርድ ይዛ መጣች። ተጠባባቂዋን ልጆቹ ክር ነው የሚሏት፤ ስትዞር የምትጠፋ ቀጭን ልጅ ናት። እናቷ ዳቦ ቤት ትሠራለች፣ ልጅቷ ግን ዳቦን በወሬ ብቻ የምታውቀው ነበር የምትመስለው። ድንቡሼ ከውድድሩ ብትወጣ የምትገባው እሷ ናት። የሚገርመው ሁለቱ ጓደኛሞች ናቸው።

«እማማ፣ ይቺን ጉርድ ሰፋ ያድርጉልኝ» አለች እናትየዋ።

«የማንን?»

«የልጄን ነዋ።»

«የክርን? ልታስጠብቢያት ፈልገሽ እንዳይሆን?»

«ኧረ ሰፋ! ድንገት ሞላችብኝ። ቁልፉ ተበጥሶ ሄደ፣ ተመስገን ነው። ግን ምን እንደበላች አይገባኝም፤ ቤት እራት አትነካም። ‹ትምህርት ቤት ከድንቡሼ ጋር በልቻለሁ› ትለኛለች። እንዲያውም የእርስዎን እንቁላል አሠራር ካልተማርሽ ብላ አስቸገረችኝ። ትምህርቷም እኮ ተሻሽሏል! አስተማሪዋ ‹ይቺ ልጅ ነቃች› አለችኝ።»

እኔ ጉርዱን እንደያዝኩ ቀረሁ። በእጄ ላይ የልጄን ልጅ ምሳ በሙሉ ይዤ ነበር፤ ሩዙን፣ እንቁላሉን፣ ድንቹን፣ ሁሉንም።

ድንቡሼ ስትመጣ በሩ ላይ ያዝኳት።

«ምሳሽን ማነው የሚበላው?»

መጀመሪያ ካደች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ ከዚያ ተናደደች።

«ለክር ነው የምሰጣት! ከሚጣል አይሻልም? ምሳ ካልበላሁ እቀንሳለሁ፣ ከቀነስኩ ጭንቅላቴ ይፈጥናል፣ ከፈጠነ አይተኩኝም!»

«በረሃብ ነው የምትፈጥኚው? ካልሲሽን ፍሪጅ የከተተው የፈጠነው ጭንቅላትሽ ነው?»

«እሱ ደክሞኝ ነው! ደግሞ እየሠራ ነው እኮ፣ እማማ። ባይሠራ ኖሮ እተወው ነበር። ጉርዴን አታይውም? በየሳምንቱ ይሰፋኛል!»

በዚህ ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «የኔ እናት፣ ጉርዱን የማሰፋው እኔ ነኝ» ማለት ምን ይከብዳል? ከበደኝ። እሱን ካልኩ የዘንድሮውን ብቻ አይደለም የምነግራት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ያሰፋሁላትን ሁሉ ነው። «በይ እራትሽን ብዪ» ብቻ አልኩ። ሁለት ጉርሻ በልታ ተኛች። እኔ ደግሞ እንደ ጀግና በማግሥቱ ምክትሉ ጋ ሄድኩ፤ ለልጅ እውነት ከመንገር ባለሥልጣን መጣላት ይቀለኛል።

ምክትሉ ቢሯቸው ተቀምጠዋል። በእውነቱ ሆዳቸው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ እሳቸው ከኋላው ናቸው። ሚዛኑ ጥግ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል።

«እማማ፣ ይግቡ፣ ይግቡ። የልጅዎን ለውጥ እየተከታተልን ነው።»

«ለውጧን እኔም እየተከታተልኩ ነው። አትበላም። ደረጃ መውጣት አቅቷታል። እባክዎ ሚዛኑ ቀርቶብዎት ልጅቷን ይተዉልኝ።»

«እኛ አትብላ አላልንም። ቀንሺ ነው ያልነው።»

«ከምን ላይ ትቀንስ? ከቁመቷ?»

ፈገግ አሉ። የአሠልጣኝ ፈገግታ ነው፣ ከሥልጠናው ጋር የሚታደል መሰለኝ። «ጥናቱ ግልጽ ነው። ክብደት ሲጨምር የማሰብ ፍጥነት ይቀንሳል።»

«ያልበላ ልጅስ? ጥናቱ ስለሱ ምን ይላል?»

«እ... እሱ ክፍል በሚቀጥለው ሥልጠና ነው የሚሰጠን።»

«እንግዲያው እስኪሰጥዎት ድረስ ልጄን አያስርቡብኝ። ወይም ደግሞ ይነሱና እርስዎም ይቆሙበት፤ የትምህርት ቤቱ ሐሳብ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ እንወቀው።»

«ሚዛኑ ለተማሪ ብቻ ነው» አሉ ቆጣ ብለው። «ጥናቱ የተጠናው ወጣቶች ላይ ነው። እኔን አይመለከትም።»

«ምነው፣ ጭንቅላት ከሆድ ጋር የሚፋታው በስንት ዓመቱ ነው?»

ስብሰባ እንዳለባቸው ትዝ አላቸው።

የሙከራው ቀን ወላጅ ተጠርቶ ነበር። አዳራሹ አረንጓዴ ነው፣ እንደምታውቁት። መድረኩ ላይ ሚዛኑ ከተወዳዳሪዎቹ ወንበር ቀድሞ ተቀምጧል። ቦርሳዬ ውስጥ ዳቦ በእንቁላል ይዤ ነበር፤ ለምን እንደያዝኩ አላውቅም፣ እኔ ዳቦ ሳልይዝ ሐኪም ቤትም አልሄድም።

ድንቡሼ ወጥታ ቆመች። ቀዩ ቁጥር በራ። ቀንሷል።

«ይኸው!» አሉ ምክትሉ በድምፅ ማጉያው። «ቆራጥነት ማለት ይኼ ነው! አሁን ደግሞ የቀለለ አእምሮ እንዴት እንደሚሠራ ታያላችሁ።»

ሰው አጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጠችው እናቷም ልታጨበጭብ እጇን አነሳችና የልጇን ፊት ስታይ መልሳ አወረደችው።

የሒሳብ አስተማሪዋ ለማሟሟቅ ብላ ቀላሉን ጥያቄ አነሳች። «የሦስት ማዕዘን የውስጥ ማዕዘኖች ድምር ስንት ነው?»

እኔ ራሴ የማውቀው ጥያቄ ነው፤ ድንቡሼ ስታጠና ሰምቼ። ልጅቷ ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ያዘች። አስተማሪዋ ጥያቄውን ደገመችላት። ድንቡሼ ጣሪያውን አየች፣ ጫማዋን አየች።

«ሦስት» አለች።

አዳራሹ ሳቀ። እሷም ትንሽ ሳቅ አለች፣ የሳቁት ለምን እንደሆነ ሳይገባት። ከዚያ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች።

ምክትሉ ማጉያውን አነሱ። «አትደንግጡ። ገና መንገድ ላይ ናት። ትንሽ ብትቀንስ ይስተካከላል።»

እንዴት መድረኩ ላይ እንደወጣሁ አላስታውስም። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፤ ያን ዕለት ግን አላማከረኝም። ድንቡሼ ፊት ተንበረከክሁና ዳቦውን እጇ ላይ አስቀመጥኩ።

«አልበላም» አለች በሹክሹክታ። «እየሠራ ነው፣ እማማ። ጉርዴ...»

«ጉርዱን የማሰፋው እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«ትርፍ ጨርቅ አለው። አንቺ ስትታጠቢ ተርትሬ እለቅለታለሁ። የሰፋው በረሃብሽ አይደለም፣ በእኔ መርፌ ነው።»

አፍጥጣ አየችኝ። «ያለፈው ሳምንትም?»

«ያለፈው ሳምንትም።»

«አምናስ?»

«አምናም። ከትንሽነትሽ ጀምሮ።»

ለካስ ምክትሉ ማጉያውን አላጠፉትም። ገበናችን በሙሉ አዳራሹን አዳርሷል።

ያን ጊዜ ክር ከተጠባባቂው ወንበር ተነሳች። ማንም ሳይጠራት ሄዳ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ቁጥሩ በራ፤ ከመጀመሪያው ጊዜ እጅግ ጨምሯል።

«መቶ ሰማንያ» አለች። አንድ ሰው ክብደቷን የተናገረች መስሎት «ውይ!» አለ። «የማዕዘኖቹ ድምር ነው» አለች ክር። «አምና ይኼን አላውቅም ነበር። የድንቡሼን ምሳ መብላት ከጀመርኩ ወዲህ ነው የገባኝ።» ከዚያ ወደ ድንቡሼ ዞረች። «ብዪ በናትሽ። እኔ ጠገብኩ፤ ጉርዴም አልቆለፍ ብሎኛል።»

«እሷ... ልዩ ሁኔታ ናት» አሉ ምክትሉ።

የሒሳብ አስተማሪዋ ዝምተኛ ሴት ናት፣ ድምፅዋን ከጥቁር ሰሌዳው በቀር የሰማው የለም። መጣችና የሚዛኑን ገመድ ከግድግዳው ሶኬት ነቀለችው። ቀዩ መብራት ጠፋ። «ልጆቹን የመረጥኳቸው በመልሳቸው ነው» አለች። «ድንቡሼ ምሳዋን በልታ ትጠየቅ።» ምክትሉ ጉዳዩ በኮሚቴ እንደሚታይ አስታወቁ። ኮሚቴው እስካሁን አልተቋቋመም፣ ሲቋቋም እንደሚያሳውቁን ቃል ገብተዋል። ድንቡሼ ከሰዓት በኋላ ተጠየቀች፣ አንድም አልሳተችም፣ ቦታዋም ቦታዋ ሆኖ ቀረ። በኋላ በዋናው ውድድር ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ሲወጣ፣ ምክትሉ ባደረጉት ንግግር ሚዛኑን አመሰገኑ። እሱም በጨርቁ ሥር ሆኖ ሰማ።

እኔን ግን ከሙከራው ቀን ጀምሮ ልጅቷ አኮረፈችኝ። በላች፤ መብላቱንስ በላች፣ ግን ፊቷን አዙራ ነበር የምትበላው። እናቷም አልተረፈችም፤ «ዕድሜው ነው» ስትል ድንቡሼ በሹካ ታስፈራራታለች። የስፌት መኪናዬ ሲንቀሳቀስ ክፍሏን ትዘጋለች። እኔም መጨነቄን አልተውኩም፤ መጨነቅ ለእኔ እንደ መተንፈስ ነው፣ ግን ዝም ብዬ ተጨነቅሁ።

ዋናው ውድድር ሊደርስ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ መጣችና ፊቴ ቆመች። ሜትሬን ከአንገቴ አውልቃ ሰጠችኝ።

«ለኪኝ።»

«አውቀዋለሁ እኮ፣ የኔ እናት። በዓይኔ...»

«በዓይንሽ አልፈልግም። ለኪኝና ጮክ ብለሽ ንገሪኝ።»

ለካኋት። የወገቧን ቁጥር ነገርኳት። እኔ እንባውን እየጠበቅሁ የቀሚሴን ጫፍ አዘጋጀሁ።

«በቃ ይኼ ነው?» አለች።

«ይኼው ነው።»

«እና ይኼን ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የደበቅሽኝ?» ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ! «እሺ። አዲስ ጉርድ በዚሁ ልክ ስፊልኝ። ትርፍ አትተዪ።»

«ብታድጊስ?»

«ሳድግ እነግርሻለሁ። አንቺ ትለኪኛለሽ።»

ጨርቁን ዘረጋሁ። መስመሩን በሳሙና አሰመርኩ፣ መቀሱን አነሳሁ። ልቆርጥ ስል እጄ፣ ያው የድሮ እጄ፣ ከመስመሩ ወደ ውጭ ሸርተት አለ። ጥቂት ነው፣ የጣት ውፍረት ቢሆን ነው። ምናልባት እኮ...

«እማማ!»

«ምን አደረግሁ?»

«መቀሱን ወደ መስመሩ መልሺው።»

መለስኩት።